ቢጫ አበባዬ

ነቀምቴ፣ በደርግ ዘመን፣ ቀበሌው በየግቢያችሁ ጎመን ትከሉ ሲለን ተከልኩ። በሩ ጥግ ያለውን አበባዬን ግን አልነቅልም አልኩ። ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቢጫ የሚያብብ ቁጥቋጦ ነው። ከፍሬ ነው ያበቀልኩት። ፍሬው እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ዘርቼ፣ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ አፈር ሳጠጣ ሰፈሩ ስቆብኛል።

ሦስት ዓመት አብቦ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። "የማይበላ ተክል የአድኃሪ ነው!" አለና ጥበቃውን አዞ ከመሬት አስጠግቶ አስቆረጠው። ነጭ ወተቱ ሲፈስ ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም፤ እሱን ደስ እንዳይለው ብዬ!

ሲሄዱ፣ አዴ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤቴ በአጥር ብቅ አሉ። "ይሄ ሰውዬ አርሶ አያውቅም እንዴ? ሥሩን እኮ ትቶታል" አሉኝ።

በቀጣዩ ክረምት ከጉቶው አራት ግንድ ወጣ። ሊቀመንበሩ ጎመን ሊቆጣጠር ሲመጣ አበባው ፊት ለፊት ተገተረ።

"ይሄን ሁሉ ማን ተከለው?"

"አንዱን እኔ" አልኩት። "ሦስቱን እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"