ያልተሰማ ዳዊት

ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር የሚሠራውን ፎቅ የሚጠብቁት ሽማግሌ ዛሬ ቁጭ ብድግ ሲሉ አረፈዱ። ከካፖርታቸው ኪስ ዳዊታቸውን ያወጣሉ፤ ይከፍቱታል፤ መልሰው ይሸጉጡታል። ዕድሜ ልካቸውን የደገሙት ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ነበር፤ አባታቸው፣ «ጸሎት ለእግዜር እንጂ ለጎረቤት አይደለም» ይሏቸው ስለነበር። ትናንት ልጃቸውን፣ «ይኼን ዳዊት ላውርስሽ» ቢሏት፣ «ምን ላደርገው አባዬ? አንድ ቀን እንኳ ስትደግም ሰምቼህ አላውቅም» አለቻቸው።

እኩለ ቀን ላይ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከሩቅ አዩዋት። የሲሚንቶው ሚክሰር ያጓራል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ማሽኑን ሊበልጡ ይመስል፣ ግንበኞቹ ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መድገም ጀመሩ። ልጃቸው ምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ምሳው ቀዘቀዘ።