ባለቤቱ የጠፋ ሊፍት

አሌክሳንድሪያ ሳለሁ የገዛሁት አፓርትመንት በሊዝ መሬት ላይ የቆመ ነበር። ግድግዳው የእኔ፣ መሬቱ መልኩን አይቼ የማላውቀው የአንድ ሰው። የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ቤቱም ለእሱ ይሆናል። እስከዚያው ግን ጥቅም ነበረው። ቧንቧ ሲያፈስ፣ በረዶ ሳይጠረግ ሲቀር የሚረገም ሰው አናጣም ነበር። ከጎረቤቶቼ ጋር የተዋወቅሁት እሱን በማማት ነው።

ዘመኑ እያጠረ ሲሄድ ሸጥኩና ሲልቨር ስፕሪንግ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶ ገዛሁ። እዚህ ሊዝ የለም። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቤት አለው፤ መሬቱ፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና ሊፍቱ ደግሞ የሁላችንም የጋራ ነው። የሚያልቅ ዘመን የለም፤ ከላያችንም ጌታ የለም። ውሉን ስፈርም ይህን የተረዳሁ መስሎኝ ነበር።

በመጋቢት ሊፍቱ ቆመ። ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ካልሆነ በቀር መውረድ ተውኩ። ስፕሪንግፊልድ ያለችው ልጄ ሊፍቱ እስከ መስከረም ካልተሠራ ወደ ምድር ቤቷ እንደምትወስደኝ ነገረችኝ። ምድር ቤቱን አውቀዋለሁ። መስኮት አለው፤ የሚታየው የመኪና ጎማ ነው። ከቤቴ መውጣት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ለሕንፃው ባለቤት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ሰጠሁ፤ ትሁት ወጣት ናት። አንብባ ስትጨርስ መልሳ ሰጠችኝና ከሌሎቹ ጋር ባለቤቱ እኔው እንደሆንኩ አስረዳችኝ። እሷ የእኛ ተቀጣሪ ናት። የሊፍቱን ሞተር ለማስቀየር የባለቤቶች ጉባኤ መወሰን አለበት፤ ጉባኤው ግን ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበትኗል። መጥሪያው ለእኔም ደርሶኝ ነበር። የአከራይ ማስታወቂያ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ከባለቤቶቹ አብዛኞቻችን የአንድ አገር ሰዎች ነን። እየደወልኩ ለምን እንደቀሩ ጠየቅሁ። ሁሉም የእድር ሥርዓት ጠብቀዋል፤ በእድር የቀረ ሰው የተወሰነውን ተቀብሎ ዝም ይላል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር የመለሱልኝ የሁሉም መልስ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ከተባለው አልወጣም።»

«ምንም አልተባለም። የሚል ሰው አልመጣም።»

«እንግዲያው ወደፊት የሚባለውን እቀበላለሁ።»

ሕንፃው በሙሉ ከብዙኃኑ ጋር ተስማምቶ ተቀምጧል። የጠፋው ብዙኃኑ ነው።

መምጣት ያልቻለ ሰው በጽሑፍ ውክልና መስጠት እንደሚችል ሥራ አስኪያጇ ነገረችኝ። ቅጾቹን ይዤ፣ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሌላ መንገድ የለም። የገበያ ዕቃ ተሸክሞ እዚያ የደረሰ ሰው ትንፋሹ አጥሯል፤ ለመከራከር አቅም የለውም። አንዳንዱ ሳያነብ ፈረመ። አንዷ የፈረመችው ወንበሬን ለጥቂት ደቂቃ እንድለቅላት ብላ ነው። ሹፌሩ ግን ቆመው አዩኝ።

«እትዬ፣ ለፓርላማ ሊወዳደሩ ነው?»

«ለሊፍት ነው። ራስዎ ቢመጡ ይሻላል።»

«እርስዎ ካሉ ምን ጎደለ» አሉና ፈርመው ቀስ እያሉ ወጡ።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። የቀረው ሕንፃ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አየቻቸውና ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን አስታወቀች። ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ፤ ብዙኃኑም ወሰነ። ቀጥሎ ሕንፃውን በሚመራው የባለቤቶች ቦርድ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ተነሳ፤ አንዱ እኔን ጠቆመ። እምቢታዬን በእንግሊዝኛ ሳዘጋጅ ተጨበጨበ።

ሊፍቱ በነሐሴ መጨረሻ ሠራ። ልጄ የዕቃ ካርቶኖች በመኪናዋ ጭና መጥታ ነበር፤ እዚያው ትታቸው በሊፍት ወጣች። ስለ ስፕሪንግፊልድ አላነሳችም። የመኪና ማቆሚያው መስመር ለምን እንደማይቀባ ግን ጠየቀችኝ፤ ኃላፊው ማን እንደሆነም ማወቅ ፈለገች። ጥያቄዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ ነገርኳት።