በቃለ ጉባኤው ላይ ያልቀረበችው ሴት

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መክፈያው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከበር ጠባቂው እስከ ሚኒስትሩ ሾፌር ድረስ፣ «እትዬ መዝገብ» ነው የሚላት። ምድር ቤት ባለው የሠራተኞች መዝገብ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። የሰው ኃይል አስተዳደር ማለት ላይኛው ፎቅ ስብሰባ ነው፤ ከታች ግን ወረቀት ነው። የተቀጠረው፣ ያደገው፣ የተቀጣው፣ የወለደችው፣ ሁሉም በማኅደር ተጠርዞ በእሷ እጅ ያልፋል። ሥራ ላይ እያለ ያረፈ ሰው ማኅደሩ ጥግ ወዳለው የብረት መደርደሪያ ይዛወራል። ሠራተኞቹ ያንን ጥግ «መቃብር ቤት» ይሉታል። እሷም ቀልዱን ትወደው ነበር። «እዚያ የገባ ሰው የዓመት ፈቃዴ ተከለከለ ብሎ አያመለክትም» ትል ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን ወደዚያ ጥግ ብቻዋን መሄድ ትታለች። በምሳ ሰዓት ሰው ወጥቶ ደረጃው ጭር ሲል፣ ከመደርደሪያው በኩል የጽሕፈት መኪና ድምፅ ይሰማታል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና መስመር ሲያልቅ የምትጮኸው ያቺ ትንሽ ደወል ትከተላለች። በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ከጠፋ አሥር ዓመት አልፎታል። የውሃ መስመር ይሆናል ብላ ቧንቧ ሠራተኛ አስጠራች። ሰውየው ግድግዳውን በመፍቻ እየቆረቆረ ዞረና፣ በዚህ በኩል ቧንቧ የሚባል ነገር እንደሌለ ነግሯት ዕቃውን ይዞ ሄደ።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በእንቅልፍ ልቧ የምትለውን ጧት ጧት ይነግራታል። «ዛሬም ቀርባለች፣ ቀርባለች ስትዪ ነው ያደርሽው። ማናት? ፌርማታ ላይ ጥያት የሄድኩ ተሳፋሪ ትሆን እንዴ?» እያለ ይስቃል። እሷ ድካም ነው ትለዋለች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ በሆዷ የያዘችውን ነገር ለሱም ትንፍሽ አላለችም።

ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር ሲቀራት፣ አዲስ የተከፈተው የሥራ ቦታ እኩልነት ክፍል ኃላፊ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የሰማችውን ሁሉ የምትጽፍ ሴት ናት። የሃያ ዓመት የደረጃ ዕድገት ውድድር ቃለ ጉባኤዎችን ፈለገች። ስንት ሴት ተወዳደረች፣ ስንቷ አለፈች፣ ያላለፈችው በምን ምክንያት ቀረች የሚለውን ቆጥራ ለበላይ ታቀርባለች። እትዬ መዝገብ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አወረደችላት። አንደኛውን ሳጥን ስታነሳ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን ዓመት አየችና መሬት ላይ አስቀምጣው ቆመች።

በዚያ ሳጥን ውስጥ የነበረው ነገር እንዲህ ነው።

በጊዜው እሷ የዕድገት ኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች። ለአንድ የዋና ክፍል ምክትልነት አምስት ሰዎች ተወዳደሩ፤ አራቱ ወንዶች ሲሆኑ አምስተኛዋ ታይፒስት ነበረች። ታይፒስቷ በማታ ትምህርት ዲግሪ የያዘች፣ ጣቶቿ የጽሕፈት መኪናውን ሲነኩት የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሚመስል ሴት ናት። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለቃል ፈተናው ተራዋን ስትጠብቅ ኮሪደር ላይ ቆማ ብታያት፣ እትዬ መዝገብ ራሷ ከቢሮ ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻት። በጽሑፉም በቃሉም ፈተና አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ እትዬ መዝገብን ለብቻ ጠራት። ሰውየው ክፉ የሚባል አልነበረም፤ የሠራተኛውን ልጆች ስም ሳይቀር ያውቃል።

«ሴትዮዋ ልትወልድ ደርሳለች፣ ሆዷን አይተሻል» አላት። «ወንበሩን ይዛ ልትተኛ ነው። ማስከፋት አልፈልግም። አልቀረቡም ብለሽ ጻፊው፣ እሷም ውጤት አነሰኝ ብላ አታፍርም።»

እሷም ጻፈች። በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተወዳዳሪዋ ለፈተና አልቀረቡም» ብላ አሰፈረች፤ የኮሚቴው አባላትም ፈረሙበት። የፈተናውን ወረቀት ቅደጂው ተብላ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። መቃብር ቤት ወስዳ፣ በልብ ሕመም ያረፈ የአንድ ዘበኛ ማኅደር ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ ውጤቱ ሲለጠፍ ታይፒስቷ ሰሌዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ወደ እሷ መጣች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«እኔ አልቀረብኩም? አንቺ አይደለሽ እንዴ ወንበር ያወጣሽልኝ?»

እትዬ መዝገብ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ ቃለ ጉባኤው የሚለው እንደዚያ ነው አለቻት። የዚያኑ ዓመት እሷ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነች። ታይፒስቷ ወልዳ ስትመለስ ሩቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወረች።

እንግዲህ ሳጥኑ መሬት ላይ ነው፣ እሷም ፊቱ ቆማለች። አንዲት ገጽ መንቀል ይቀላታል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ማኅደር የጠረዘ እጅ ገጽ መንቀል አያቅተውም። የእኩልነት ክፍሏ ኃላፊ የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች ይዛ ፎቅ ወጥታለች። የምሳ ሰዓት ደርሶ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ከጥጉ ድምፁ ጀመረ። በዚያን ቀን ግን አልሸሸችም፤ ብቻዋን ሄዳ የዘበኛውን ማኅደር አወረደች። የፈተናው ወረቀት የሻይ ቀለም ይዟል እንጂ አንድ ፊደል አልጠፋም። ከላዩ ላይ በቀይ «ዘጠና አንድ» ይላል።

ወረቀቱንና ቃለ ጉባኤውን ይዛ ፎቅ ወጣች። ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገረቻት። ወጣቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፏን አቁማ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ስምንት ወር ነው የቀረዎት። የሚከተለውን ያውቁታል?»

«ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል ልጄ? የዲሲፕሊን ማኅደር የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ቃሏን በጽሑፍ ሰጥታ ፈረመች። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ለባሏም ነገረችው። የአውቶቡስ ሾፌሩ ቀልድ አጣ። ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ታይፒስቷ ወዳለችበት አብሯት እንደሚሄድ ነገራት።

ቅርንጫፉ ያለበት ከተማ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ታይፒስቷ ከሥራ ከወጣች ቆይታለች፤ አሁን ከቅርንጫፉ በር ፊት ለፊት፣ የመስኮት ያህል በሆነች ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስቀምጣ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ትጽፋለች። ባልየው ውጭ ቀረ። ሴቲቱ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው አወቀቻት። ጸጉሯ ነጥቷል፣ ጣቶቿ ግን ያው ናቸው።

እትዬ መዝገብ በመንገድ ስታጠናው የመጣችውን ንግግር ተወችው። የወረቀቱን ቅጂ ብቻ ዘረጋችላት። ታይፒስቷ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አገላበጠችው፤ ደግማ አነበበችው።

«ይሄ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ያንቺ ነው።»

«ቀርቤ ነበር ማለት ነው።»

እትዬ መዝገብ የጠበቀችው ስድብ ነበር። ሴቲቱ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረች ነገረቻት። ያን ጊዜ ቤቷ ገብታ ለባሏ ብትነግረው፣ የተጻፈ ነገር እንዴት ይዋሻል፣ ምናልባት እርግዝናው አምታቶብሽ ይሆናል አላት። አንድ ዓመት ተከራከረችው። በሁለተኛው ዓመት ራሷን ተጠራጠረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ ብላ አፏን ሞልታ ተናግራ አታውቅም። በር ቆልፋ ወጥታ ተመልሳ ታያለች፤ ማመልከቻ ጽፋ ሰጥታ ባለጉዳዩን ከመንገድ ትጠራዋለች።

«ሹመቱንስ ተይው» አለቻት። «እኔ እኮ አእምሮዬን ነው የወሰድሽብኝ።»

ይቅርታ ስትጠይቃት ሰማቻት፤ ይቅር ብዬሻለሁም፣ ይቅር አልልሽምም አላለችም። ቅጂው እሷ ዘንድ እንዲቀር ብቻ ፈለገች፤ እትዬ መዝገብም የስልክ ቁጥሯን ጀርባው ላይ ጽፋ ተወችላት። ደንበኛ በር ላይ መጥቶ ነበርና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ ሦስት ወር ፈጀ። ኃላፊው የነበረው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ ለሱ የተጻፈ ነገር የለም። እትዬ መዝገብ በአንድ ደረጃ ዝቅ ተደርጋ፣ ማስጠንቀቂያው ራሷ በከፈተችው ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ በዝቅተኛው ደረጃ ጡረታ ወጣች። የቦታው መደብ ታጥፏልና ለታይፒስቷ ሹመት የሚባል ነገር አልነበረም። የተሰጣት ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ነው፤ መቅረቧንና አንደኛ መውጣቷን ይመሰክራል። የእኩልነት ክፍሏ ኃላፊ ሌሎቹን ሳጥኖች ስትጨርስ «አልቀረቡም» የተባሉ ሴቶች አሥራ አራት ሆነው አገኘቻቸው። ከእንግዲህ ተወዳዳሪው ራሱ ካልፈረመበት ቃለ ጉባኤ እንዳይጸድቅ ተደረገ። የአሥራ አራቱን ወረቀት ግን ማንም በዘበኛ ማኅደር ውስጥ አልደበቀላቸውም።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ልብስ እያጠፈች ሳለ ስልኳ ጠራ። የማታውቃት ወጣት ሴት ናት። የታይፒስቷ ልጅ መሆኗን፣ እናቷ ቁጥሩን እንደሰጠቻት ነገረቻት።

«ያን ቀን እናቴን ያዩዋት እርስዎ ነዎት አሉ። እሷ ምንም አታስታውስም፤ ከራሷ ጋር ስትጣላ ሁሉንም አጥፍታዋለች። ምን ለብሳ ነበር?»

እትዬ መዝገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አረንጓዴ ቀሚስ ነበር አለቻት፤ በጎንና በጎኑ ስፌቱ ተተርትሮ በሌላ ጨርቅ የሰፋ። እናቷ የቃል ፈተናውን ሦስተኛ ጥያቄ ስትመልስ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እንደነበር ነገረቻት። አንዱ የኮሚቴ አባል ሲያዛጋ ቀና ብላ እንዳየችው፣ መልሷን ግን እንዳላቋረጠች ነገረቻት። የቀረውንም ሁሉ፣ በሩን እንዴት ቀስ ብላ ዘግታ እንደወጣች ሳይቀር፣ እየዘረዘረች ቀጠለች።