ጋሽ ዓለሙን መድረክ ላይ ያወጣሁ ቀን

ለንደን፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋናዋ ፋርማሲስት ከአንድ የብረት በር ፊት አቆመችኝና «እዚህ ክፍል ብቻሽን አትገቢም» አለችኝ። ጓንትና የፀጉር መሸፈኛ ሰጠችኝ፤ በሩን ከፈተችው። የወጣው ሽታ ኪልበርን አውቶቡስ ስጠብቅ ከሚያጨሱ ጎረምሶች ዘወትር የሚሸተኝ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በፊት ኪልበርን በሚገኝ ትንሽ ፋርማሲ ለብዙ ዓመታት የፋርማሲ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ክኒን እቆጥራለሁ፣ የደም ግፊት መድኃኒት አሽጋለሁ፣ መስማት ለተሳናቸው አዛውንቶች እየጮኽኩ አስረዳለሁ። ካናቢስ፣ ሰዉ ሐሺሽ የሚለው ተክል፣ በሐኪም ማዘዣ ከተፈቀደ በኋላ ግን ከውጭ አስመጥቶ ለታካሚዎች በፖስታ የሚልክ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። እናቴ እስከ ዛሬ የምታውቀው «መድኃኒት መጋዘን» እንደምሠራ ብቻ ነው። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

አሠራሩ ጥብቅ ነው። ማዘዣው ሲመጣ ፋርማሲስቷ ታየዋለች። ቴክኒሺያኗ ጠርሙሱን ከካዝና አውጥታ የምድብ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ታመሳክራለች፤ የታካሚውን ስም ትለጥፋለች። ሁለተኛ ሰው ሁሉንም እንደ አዲስ ያያል። ከዚያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚህ ሁሉ ዘመኔ አንድም ጠርሙስ ለተሳሳተ ሰው አልላክሁም። ይህን የምናገረው ልመካ አይደለም። ጥፋቴ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ስልክ ሲደውል ወደ እኔ ያስተላልፉልኝ ነበር። ጋሽ ዓለሙን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ኬንቲሽ ታውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የጀርባቸው ነርቭ አላስቀምጥ አላስተኛ አላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ መድኃኒቱ አልነበረም።

«ልጄ፣ ካርቶኑ ላይ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«ምንም አይጻፍም ጋሽ ዓለሙ። ስምዎና አድራሻዎ ብቻ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ከጎረቤቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው።»

የሚወስዱት ዘይት ነው፤ ጠዋትና ማታ ከምላስ ሥር ጥቂት ጠብታ። በሦስተኛው ወር ደውለው «ትናንት ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስኩ» አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ማስታወቂያ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ትተውት፣ ከኋላ ወንበር ይዘው መቀመጥ ጀምረው ነበር። «ማስታወቂያ ተቀምጦ አይነበብማ! አሁን ተመለስኩ» ብለው ሳቁ። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አንዴ ከውጭ የሚመጣው ዘይት ዘገየ። ሁለት ቀን ሙሉ ክሊኒካቸው እየደወልኩ ሌላ ማዘዣ አስጻፍኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር «ያንቺን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?» ሳይሉ ስልክ አይዘጉም።

የሽያጭ ኃላፊያችን ማርክ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የሕጋዊ ካናቢስ ንግድ ዓመታዊ ጉባኤ ሊደረግ ነው፤ ድርጅታችን መድረክ አግኝቷል፤ መድረኩ ላይ ታካሚ እንዲናገር ይፈልጋሉ። «እንደ እናንተ ካለ ማኅበረሰብ ቢሆን ደግሞ ግሩም ነው» አለኝ። ቀጥሎ የቡድን መሪ ቦታ ከጉባኤው በኋላ እንደሚከፈት ነገረኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። እኔም በአንድ ጊዜ ነው የሰማኋቸው።

ለጋሽ ዓለሙ ደወልኩ።

«ላስቸግርዎ ነበር» ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ሰው ይበዛል?»

«የሙያው ሰዎች ብቻ ናቸው። የኛ ሰው አይመጣም።»

«እንግዲህ... አንቺ ካልሽ ምን እላለሁ?»

ማርክ ቢሰማ ተስማሙ ይል ነበር። እኔ ግን ያደግሁት እንዲህ በሚናገሩ ሰዎች መሐል ነው። እምቢ እንዳይሉ ይሉኝታ እንደያዛቸው ወዲያው ገብቶኛል። እያወቅኩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሥራዬን ከገዛ እናቴ የደበቅሁት ሴትዮ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እሳቸውን ለአደባባይ ጠየቅኋቸው።

ጉባኤው በምሥራቅ ለንደን፣ ወንዙ አጠገብ ባለ ትልቅ አዳራሽ ነበር። የችግኝ ማሳደጊያ መብራት የሚሸጥ አለ፤ የማሸጊያ ማሽን የሚያሳይ አለ፤ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ስለ ሰብል ምርት እያወሩ ካርድ ይለዋወጣሉ። ጋሽ ዓለሙ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። አንዲት ወጣት የካናቢስ ቅጠል የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሉና ቅጠሉ እንዳይታይ ገልብጠው አጠፉት። አየሁ። ያኔ እንኳን ይዣቸው መውጣት እችል ነበር።

የፈቃድ ቅጹን እኔ ነኝ የሞላሁላቸው። ፎቶና ቪዲዮ የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ሳያወጡ ፈረሙ።

እንግሊዝኛ አያቅታቸውም፤ ዕድሜ ልክ ተሳፋሪ ሲያስተናግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው ፊት ግን በአማርኛ ይሻለኛል ስላሉ አስተርጓሚያቸው ሆኜ አብሬ ወጣሁ። ማርክ «ምርታችን ሕይወትዎን እንዴት ቀየረው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ዓለሙ ቀና ሲሉ ከኋላችን ያለውን ስክሪን አዩት። ሙሉ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ ከጎኑም ያ ቅጠል ሰው አክሎ ተዘርግቷል። ከታች ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ።

ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ሰብለ፣ ስሜን ጽፈውታል እኮ። እባክሽ ልጄ፣ አውርጂኝ» አሉኝ።

አዳራሹ ይጠብቃል። ማርክ ፈገግ እንዳለ ነው። እኔም ማይክራፎኑን ይዤ፣ በጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ «በዚህ መድኃኒት ምክንያት ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ለሰዓታት መቆም ችያለሁ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ጭብጨባ ሆነ። ያልኩትን ቃል በቃል ሰምተዋል። ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በአለቃዬ ፊት ውሸታም እንዳልባል ብለው ነው። እያሰብኩት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቪዲዮው በድርጅቱ ገጽ ላይ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው ሊያ ደወለችልኝ። ለንደን የተወለደች፣ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት።

«ሰብሊ፣ ቪዲዮውን ሰው ሼር አድርጎታል፤ በሁሉም ግሩፕ ላይ አለ። ሐሺሽ ምናምን እያሉ ኮሜንት ያደርጋሉ። አባዬ መድኃኒቱን ስቶፕ አድርጓል። ፔይን ላይ ነው፣ በጣም ያመዋል፣ ግን ምንም አይልም። ፕሊስ አናግሪው።»

ማርክ ጋ ሄጄ አውርደው አልኩት። ቅጹን ከፍቶ አሳየኝ። «ፈርመዋል። ምልክት ተደርጎበታል» አለ። ምልክቱ የእኔ እጅ ነው። ዋናዋ ፋርማሲስት ጣልቃ ገብታ አስወረደችው፤ በየሰዉ ስልክ የገባውን ግን ማን ያወርደዋል?

ቅዳሜ ኬንቲሽ ታውን ሄድኩ። ጋሽ ዓለሙ በሩን ሲከፍቱ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ከእኔ በፊት መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው እስክቀመጥ ቆመው ጠበቁ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ኧረ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

ይህንንም ያሉት በይሉኝታ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከቤተ ክርስቲያን ያባረረኝ የለም» አሉ። «ቄሱም ደውለው ና ብለውኛል። ግን እዚያ ቆሜ ሳነብ ሰዉ ምን እያሰበ እንደሚያየኝ አውቃለሁ።»

«መድኃኒቱን ግን አይተዉ። ሕመሙ እኮ...»

«ቆሜ የማነብበት ቦታ ከሌለኝ ለምን እወስደዋለሁ ልጄ?»

የተረፉትን ጠርሙሶች በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። አንደኛው አልተከፈተም። የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ ሰው ስለማይሰጥ ሰኞ ዕለት ምስክር ባለበት አስወገድነው። ዘይቱን መድኃኒት ማጥፊያ ዱቄት ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ውኃ ጨመርኩ፣ ከድኜ ናጥኩት። ፋርማሲስቷም እኔም ፈረምን።

የቡድን መሪነቱን ሰጡኝ። ተቀበልኩ። በየወሩ ለጋሽ ዓለሙ እደውላለሁ፤ «አዝዛለሁ፣ አዝዛለሁ» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ አዝዘው አያውቁም።

አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን ስለ ካዝናውና ስለ መዝገቡ ከነገርኩ በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ታካሚን ለሌላ ጉዳይ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው መሆን የለበትም።