አንበሲቱና የምባቹዋ ፍየሎች

ሪያቱዋ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነው በሆአኒብ ወንዝ ዳር የዱር አራዊት ጠባቂ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በየወሩ የተማሪ ቤት ልጆችን ደረቁ አሸዋ ላይ እያዞረ ዱካ ያስነብባቸዋል። «አንበሳ ያለበት መሬት ጤነኛ ነው» ይላቸዋል።

ዝናብ በቀረ በአራተኛው ዓመት ሚዳቋው አለቀ። ከደቦልነቷ ጀምሮ የሚያውቃት አንበሲት ሦስት ልጆቿን አስከትላ ወደ መንደሩ ተጠጋች። ሪያቱዋ ለመንደሩ በረቶች የሚሆን ሽቦ እንዲላክለት የአራዊት ጥበቃ ቢሮውን ሦስቴ ለመነ። «መኪና የለም፤ ታገስ» አሉት። ያለው እሾህ ብቻ ነበር፤ በእሾህ አጠረ።

አንድ ማለዳ የታላቅ እህቱ የምባቹዋ ፍየሎች አንበሲቱ ገድላቸው በረቱ ውስጥ ተዘርረው ተገኙ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ የተበላችው አንዷ ብቻ።

«እትዬ፣ ካሳ እንዲከፍሉሽ ለቢሮው ወረቀት እጽፍልሻለሁ።»

«ወረቀት ይታለባል?» አለችው። «ስለ አንበሳ ለልጆቹ ስታወራ አፍህ ማር ነው። ለእኔ ምን አለህ?»



«እባክሽ መርዝ እንዳታስቢ» አላት።

«እንግዲያው ሥጋቸው መርዝ እንዳይቀባ ቅበራቸው!»

ዶማ አነሳ። መሬቱ ድንጋይ ነው። እስከ ማታ ስድስቱን ብቻ ቀብሮ እጁ ሲላላጥ የቀሩትን እዚያው ተወ።

በሦስተኛው ቀን ያ ሁሉ ያልተቀበረ ጥንብ እያለ ሰማዩ ላይ አንድም አሞራ አላየምና ልቡ ፈራ። አንበሲቱን ከወንዙ ዳር ሞታ አገኛት። ሁለቱ ደቦሎች አጠገቧ ሞተዋል፤ አሞራዎቹም በየቦታው ወድቀዋል። ሦስተኛው ደቦል ገና ይተነፍስ ነበር። ከኮዳው ውሃ አፉ ላይ አንጠባጠበለት፤ መዋጥ አቃተው። ትንፋሹ እስኪቆም አብሮት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ መርዙን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?» አላት ቤቷ ሄዶ።

«እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍ፤ በሌላ ሰው ላይ እንዳይላከክ።»

ስሟን ሪፖርቱ ላይ ጻፈ። ፖሊሶች ሲመጡ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ የራስ መጠምጠሚያዋን አስተካክላ፣ ማንም ሳይነካት መኪናው ላይ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤት ሪያቱዋን ሲያይ መንገድ ይለውጣል።

በየሁለት ሳምንቱ እሱ በጭነት መኪና ኦፑዎ እስር ቤት ድረስ እየሄደ ለእህቱ እርጎ ያደርስላታል። ባለፈው ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ሰዉ ሰላም ይልሃል ወይ?»

«ይለኛል፣ እትዬ» አላት።

እሷም እንዳላመነችው ያውቃል። እርጎውን ተቀበለችው።