ኢሜይል የሌላቸው አባላት

የማር አምራቾች ማህበሩ ዌብሳይት የፈለገው አባላቱ አሶሳ ድረስ ሳይመላለሱ እንዲመዘገቡ ነበር። እኔም የተዘጋጀ ሲስተም አውርጄ ጫንኩና በሳምንት አስረክባለሁ አልኩ። የማህበሩ ጸሐፊ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ረጋ ያሉ የበርታ ሽማግሌ፣ በቀጠሮው ቀን አሶሳ ቢሯቸው አምስት ገበሬዎች ለሙከራ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ሲስተሙ ኢሜይል ካልተሞላ አላሳልፍም አለ።

"ይሄ ሰዎች ኢሜይል የለውም" አሉኝ ጸሐፊው። "ስልክ ግን አለው።"

እንዲህ ያለው ሲስተም ዋናውን ሳይነኩ የራስን ኮድ የሚያስገቡባቸው ቦታዎች አሉት፤ ሁክ እንላቸዋለን። በአንዱ ገብቼ በስልክ ቁጥር እንዲመዘግብ አደረግኩ። በማግስቱ ለሙከራው ባልና ሚስት አንድ ስልክ ይዘው መጡ፤ ሚስትየዋን "ይህ ቁጥር ተመዝግቧል" ብሎ መለሳት። እሱንም አስተካከልኩ። አንዱን ስጠግን ሌላው ይበላሻል፤ በመሃል መብራት ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩን መክፈት ራሱ ይታክተኝ ጀመር።

አንድ ከሰዓት፣ ከድባጤ ተፈናቅለው ባምባሲ ዘመድ ዘንድ የተጠጉ እናት መጡ። ስማቸውን ከነአያታቸው ሞላሁላቸው። ቀበሌ የሚለው ላይ ደረስን።

"ቀበሌዎ የት ነው እናቴ?"

"የቱን ልንገርህ? ቀፎዬ ያለበትን ነው፣ እኔ ያለሁበትን?"

"የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ተወው ልጄ። አገር ሲረጋጋ እመለሳለሁ።"

ሊነሱ ሲሉ ጸሐፊው በእጃቸው አስቆሟቸው። "ሁለቱንም ጻፍለት" አሉኝ።

ፎርሙ ላይ "አሁን የሚኖሩበት" የሚል ሁለተኛ ቦታ የሚጨምር ኮድ ጻፍኩ። ሥራው የጥቂት መስመር ነው፤ ኔትወርኩ ግን እየተቆራረጠ አንድ ሰዓት ፈጀ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ቀፎዎቹ አሁንም ይኖሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እንጃ። ከወጣሁ አላየሁትም።"

በመጨረሻ ስልካቸው ጮኸና እንዳነብላቸው ሰጡኝ። "ምዝገባዎ ተጠናቋል" ይላል።

"ተጠናቋል?" አሉ። ትንሽ አሰቡና "እሺ፣ ይሁን" ብለው የባምባሲ መኪና ሳያመልጣቸው ወጡ።

ከዚያ የአባልነት መታወቂያቸውን ሳትም ሁለቱ ቀበሌዎች ተደራርበው ወጡ፤ አንዱም አይነበብም። ጸሐፊው ወረቀቱን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ።