ለቆላ የተነደፉ የደጋ መስኮቶች

የነፍስ አባቴ በየፆሙ መግቢያ ይጠይቁኛል። «ያን ሰውዬ ይቅር ብለኸዋል?» ይሉኛል። «አላልሁም አባ» እላለሁ። «ምነው?» ይላሉ። «ገና አልወጣልኝማ» እላቸዋለሁ። ንስሓ ላይ አልዋሽም፤ እዚህም አልዋሽም።

አናጢ ነኝ። የምኖረው ከደባርቅ ወዲህ፣ የማኪና መንገዱ ዳር ባለች ትንሽ የደጋ ከተማ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ፣ ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ከሚስቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። እሷ ቀድማኝ አነበበች። እኔም ሳልተው እየተጎተትሁ ደረስሁ። አሁንም ስጽፍ ፊደሉን እንደ ሚስማር አንድ በአንድ ነው የምመታው። ጠሞ ቢገኝ አንባቢ ይቻለኝ።

የምጽፈው የመስኮት ነገር ነው። መስኮት ሰው ያጣላል ወይ የሚል ቢኖር፣ ኅዳር ላይ እኛ አገር መጥቶ አንድ ሳምንት ይክረም። ውርጩ በባልዲ ያደረውን ውሃ ቆዳ ያለብሰዋል። ነፋሱ ከስሜን ተራራ ወርዶ፣ ሰው በር ሲከፍት አብሮ ይገባና ከባለቤቱ ቀድሞ እሳቱ ዳር ይቀመጣል። የድሮ ሰዎች ቤት ሲሠሩ መስኮት የማያወጡት መስኮት ጠፍቷቸው አይደለም። ብርሃን በበሩ ይበቃናል፣ ሙቀቱ ይቅርልን ብለው ነው።

እኔ ለመስኮት ደረጃ የምሰጠው በእንጨት ሸክም ነው። አንድ ሸክም እንጨት አራት ቀን ቤቱን ካሞቀ፣ መስኮቱ ሸጋ ነው። ሁለት ቀን ከሆነ፣ ይሁን ይባላል። በአንድ ቀን ካለቀ ግን ያ መስኮት ሳይሆን ወንፊት ነው። ይህን ያስተማረኝ የሴቶች ጀርባ ነው፤ እንጨቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

በዚያው በደርግ ጊዜ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ አንድ ረጅም ቤት እኛ ከተማ ላይ አሠራ። ጣራው አንድ ነው፤ ውስጡ አምስት ቤት። የእንጨት ሥራው ጎንደር ላለው ማህበራችን ተሰጠ። ያኔ የእጅ ሙያ ያለው ሁሉ በማህበር ነበር የሚሠራ። ከማህበር የወጣ አናጢ ጣውላም ሚስማርም አያገኝም፤ መዶሻውን ታቅፎ መቀመጥ ነው። አገሬ ነውና ማህበሩ እኔን ኃላፊ አድርጎ ከሁለት አናጢዎች ጋር ላከኝ።

ዐሥር መስኮት ነበር የሚፈለገው፣ ለየቤቱ ሁለት ሁለት። ፕላን ያሳየኝ ስላልነበረ እንደማውቀው ሠራሁት። አንድ ክረምት ጣራ ሥር የከረመ ጥድ ነው የተጠቀምሁ። መዝጊያው ሁለት ሆኖ፣ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ጣት ያህል ይደረባል። ያረጀ አጎዛ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ፀጉሩን ወደ ውጭ አድርጌ በጠርዙ ዙሪያ መታሁበት። ሲዘጋ ፀጉሩ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ለብርሃኑ ከመዝጊያው በላይ የማይከፈት መስታወት አገባሁ። ከዚያ በጧፍ ፈተንሁት። ጧፉን ለኩሼ ጠርዙን ተከትዬ አዞራለሁ፤ እሳቱ ከተንቀጠቀጠ መዝጊያውን አውርጄ እንደገና እልጋለሁ። በመጨረሻ በዐሥሩም ላይ እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከአናጢዎቹ አንዱ፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ «እንግዲህ እዚህ ቤት ነፋስም በማመልከቻ ነው የሚገባ» አለ።

በማግስቱ የሥራው ተቆጣጣሪ ከጎንደር በላንድሮቨር መጣ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ የያዘ ሰው ነው። መስኮቱን በሜትር ለካ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ የአጎዛውን ፀጉር በጣቱ ነካ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ?»

«መስኮት።»

«ፕላኑ ላይ ያለው ይሄ አይደለም። የፕላኑ መዝጊያ ጣውላው ተጋድሞ፣ በየመካከሉ ሁለት ሁለት ጣት ክፍት የተተወ ነው። ስፋቱም የዚህ እጥፍ ነው። አየር ሳያቋርጥ መመላለስ አለበት።»

«ጌታው፣ እዚህ አገር አየር ሳይጠሩት ይመላለሳል።»

አናጢዎቹ ሳቁ። ያ አፈኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የተቆጣጣሪው ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

«ጌታው የሚባል ቀርቷል። ጓድ በል።»

«እሺ ጓድ። ወረቀቱን አሳየኝና እኔም ልየው።»

«ምን ልትሆን? ፊደል የቆጠርኸው አምና አይደለም እንዴ? ይሄ መሥፈርት ነው። ያንተ ሥራ መፈጸም ነው እንጂ ማንበብ አይደለም።»

ወረቀቱን እንደተጠቀለለ ወደ ብብቱ መለሰው። ከዚያ መስኮቶቹን አስነቀለ። ተነቅለው እንኳ አልተዋቸውም፤ በመጥረቢያ አስፈልጦ ቤቱን ለሚጠብቁት ዘበኞች «ሙቁበት» አላቸው። ዐሥር መስኮት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነደደ። ጥዱ ሲነድ ሽታው ሸጋ ነው፤ የአጎዛው ፀጉር ግን ይከረፋል። ያ ክርፋት እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁ። ሂድ ቢሉኝም አልሄድሁም።

ጎንደር ገብቶ «አሻጥር ሠርቷል» ብሎ ጻፈብኝ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም፤ ሰው በዚህ ቃል እስር ቤት ገብቶ ያልወጣበት ጊዜ ነው። ማህበሩ ተሰብስቦ «ይባረር የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል ሁሉም አወጡ። አብረውኝ የሠሩት ሁለቱም አወጡ። በማህበሩ መዝገብ ላይ ከስሜ ጎን «አሻጥረኛ» ተብሎ ተጻፈ። አናጢዎቹን ያኔውኑ ይቅር ብያለሁ፤ ፈርተው ነው። እሱ ግን የሚፈራው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሰው ደጅ እንጨት ፈለጥሁ። ቤቱ በፕላኑ መሠረት አለቀ፤ አምስት ቤተሰብ ይገባበታል ሲባል ለጊዜው አራቱ ገቡ፣ የነፋስ አፍ ላይ ያለው አምስተኛው ባዶ ቀረ። ለአራቱ እንጨት የምፈልጠው እኔው ነበርሁ። አንዱ ሸክም ለአንድ ቀን አልበቃ አለ። ሴቶቹ በመዝጊያው ክፍተት ጆንያ ጠቀጠቁ። ተቆጣጣሪው ይህን ሰምቶ፣ የአየር መመላለሻ መድፈን ከፕላን ውጭ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በር ላይ አስለጠፈ። ስለዚህ የላንድሮቨሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንዷ «ማኪና!» ትላለች፤ አራቱም ቤት ጆንያ ይነቅላል። ማኪናው ሲሄድ መልሰው ይጠቀጥቃሉ። እኔ ይህን እያየሁ እንጨቴን እፈልጣለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ቃል በጻፋት ሰው አፍ፣ እጃቸውን ባወጡብኝ ሰዎች ፊት፣ እንድትነሣልኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ምን አጥፍቶ እንደሆነ አልነገሩንም፣ ሰውዬው እኛ ዘንድ የሥራ ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። የተሰጠው መኖሪያ ያ አምስተኛው ቤት ነው። ሚስቱ የጎንደር ልጅ፣ እርጉዝ፣ ሰላምታዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። በታኅሣሥ ወለደች። በወለደች በሳምንቱ እሱ እንጨት ወደምፈልጥበት መጣ፤ በቆዳ ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?» አለኝ። ጓድም ቀረ፣ አንተም ቀረ።

«ደህና።» መፍለጤን አላቆምሁም።

«ባለቤቴ አራስ ናት። ቤቱ አልሞቅ አለን።»

«መሥፈርቱ ነዋ።»

«ሕፃኑ እያሳለ ነው፣ አያ።»

መጥረቢያውን አስቀመጥሁ። «እናትና ልጁን አሁኑኑ ወደ እኔ ቤት አምጣቸው፤ ሚስቴ ታርሳታለች። መስኮቱ ግን የማህበር ሥራ ነው። እኔ አሻጥረኛ ነኝ፤ አልነካውም።»

«ያ ጊዜ…»

«ጊዜውን ተወው። ያን ወረቀት አምጣው፤ አንብቤው አላውቅም።»

አራሷን በዚያው ሰዓት ወሰድናት። እሱ ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ የአራቱ ቤት ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። ግንዱ ላይ ተቀመጥሁ፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ሥዕሉን አልፌ ከላይ ካለው ጽሑፍ ጀመርሁ። በጣቴ እየተከተልሁ ጮክ ብዬ ነው የማነብ፤ ሌላ ማንበብ አላውቅም። እሱ አንድ ጊዜ በዚህ እግሩ፣ አንድ ጊዜ በዚያ እግሩ ይቆማል። «ለ… ሞ… ቃ… ታማ… የቆላ… ቦታዎች… ብቻ» አልሁ። ደገምሁት። ያው ነው።

«ምን አሉ? ቆላ?» አለች አንዷ።

«አዎ እህቴ። ከአዲ አርቃይ በታች ላለ ሰው የተነደፈ ነው።»

ወረቀቱን ነጠቀኝና አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እሱም እንደ እኔ ሆነ። «ሁለት ጥቅል ነበር የተላከው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱን ለዚህ አስቀረሁ፣ አንዱን ወደ ታች ላክሁ። ራስጌውን አላየሁትም።»

«እንግዲያ የእኛ መስኮት አዲ አርቃይ ላይ ሰው እየቀቀለ ነዋ!» አለች ያችው ሴት። ሁሉም በሳቅ ወደቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ይህን በእጅህ ትጽፈዋለህ፤ ጎንደር ማህበሩ ስብሰባ ላይ በአፍህ ታነበዋለህ» አልሁት።

«ሥራዬን ያሳጡኛል፣ አያ።»

«የእኔን ማን አሳጣኝ?»

«በደብዳቤ ልላከው።»

«በአፍህ ነው ያልሁህ።»

አራት ቀን አሰበበት። ልጁን መያዣ አድርጌበታለሁ የሚል ሰው እንዳይኖር፦ ሕፃኑ እኔ ቤት ሞቆት ነበር፣ ሳሉም ለቆታል፤ እምቢ ቢለኝም አላወጣቸውም ነበር። ይህን ለእሱ ግን አልነገርሁትም። ይጨነቅ ብዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን አብረን ጎንደር ወረድን። አዳራሹ ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። ከፊት ቆሞ ወረቀቱን አወጣ። «የቆላውን ፕላን ለደጋው ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ አናጢው የሠራው ትክክል ነበር…» ድምፁ እያነሰ ሄደ። ከኋላ ተነሣሁና «ጮክ በል፣ እዚህ አይሰማም» አልሁት። ይሰማ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ። ሁለተኛ ሲያነብ ላብ በጆሮው ግንድ ወረደ። በደጋው ውርጭ ያልቀላ ፊት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀላ። ሁለት ዓመት የፈለጥሁት እንጨት ሁሉ በዚያች ሰዓት ቀለለኝ።

እጅ አውጡ ተባለ፤ እነዚያው እጆች ወጡ። ጸሐፊው «ሰርዤዋለሁ» አለኝ። «ልየው» አልሁ። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። ቃሉ በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ ግን ይነበባል። «እስኪጠፋ ደምስሰው» አልሁት። ወረቀቱ እስኪበሳ ደመሰሰው።

ሰውዬውን ከሥራ አላባረሩትም፤ በተግሣጽ አለፉት። ጣውላ መጣ፣ ሚስማር መጣ፣ መስኮቱን እንድሠራ እኔው ታዘዝሁ።

«ከአምስተኛው ቢጀምሩ፣ አያ» አለኝ። «ባለቤቴ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።»

«ቁጥሩ ከአንድ ነው የሚጀምር» አልሁት።

ከአንደኛው ጀመርሁ። አንደኛው ቤት ሲያልቅ የሴትዮዋ አንድ ሸክም እንጨት አራት ቀን ሄደላት። ጎረቤቶቿ በየጠዋቱ እየመጡ ክምሯን ያያሉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ቀጠልሁ። እሱ አምስተኛው ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። ለእሱ መፍለጥ ትቻለሁ፤ መጥረቢያ ተውሶ ራሱ ይፈልጣል፣ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። በየማታው አራሷን ሊጠይቅ እኛ ቤት ይመጣል፤ እሳቱ ዳር ይቀመጣል፣ መሄጃው ሲደርስ መነሣት ያቅተዋል። ሚስቴ «ምነው አንተ ሰው፣ በዛ እኮ» አለችኝ። «ሥራው ነው የያዘኝ» አልኋት። ውሸቴን ነው። በሦስት ሳምንት የሚያልቀውን ሰባት ሳምንት ይዤዋለሁ። የተላገውን መልሼ የላግሁበት ቀን አለ። ታኅሣሥ ወጣ፣ ጥር ወጣ።

የካቲት ላይ አምስተኛው ቤት ደረስሁ። የእሱን መስኮት አላበላሸሁም። እዚያ የሚተኙት እናትና ልጅ ናቸው፤ ደግሞም አንድ ጣት ቀዳዳ ብተውለት የሚናገረው ያገኝ ነበር። ከአራቱ ሁሉ የእሱ በለጠ። ፈትኜ ስጨርስ ሚስቱ ልጁን ታቅፋ ገባች፣ መረቀችኝ፤ ምርቃቷን ተቀበልሁ።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስወጣ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። «አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያለፈውን…» አለ። በቀኝ እጄ መዶሻ ይዣለሁ፤ ግራዬ ባዶ ነው። መዶሻውን ወደ ግራዬ ማዛወር እችል ነበር። አላዛወርሁትም። እጁ እንደተዘረጋ በጎኑ አልፌ ወጣሁ።